ገባህ?

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሊሞላኝ ስለሆነ አሁንማ በሰዓት ልዩነት ማመካኘት አልችልም። የቀሰቀሱኝ ከላይ ያሉት ጎረቤቶቼ ናቸው። ሰውዬው አምሽቶ መጣ፣ ቁልፉን ሁለት ሦስቴ ሳተው፣ በሩ ተከፈተ፣ ከዚያ የሴት ድምፅ “ገባህ?” አለ። በቃ ይቺው ናት። መብራት አብርቼ ተቀመጥኩ።

ከተቀመጥኩ አይቀር ስለ ሺንጁኩ፣ ስለ ቶኪዮው ሰፈር፣ ልጻፍ አልኩ። “ጃፓን እንዴት ነበር?” ላለኝ ሁሉ “አሪፍ ነው፣ ንጹሕ ነው” እያልኩ ነው የከረምኩት።

ዓርብ ማታ ነበር። ለሥልጠና ሄጄ የተዋወቅኩት ጃፓናዊ (አብረን በተነሳነው ፎቶ ላይ ከጎኔ ዓይኑን ጨፍኖ የሚስቀው) ቅዳሜን ቤቱ እንዳሳልፍ ጋብዞኝ ነበርና መጀመሪያ ጎልደን ጋይ ወሰደኝ። ጎልደን ጋይ ማለት ሁለት ሰው ጎን ለጎን በቅጡ የማያስኬዱ ቅያሶች ናቸው፤ እዚያ ውስጥ ወደ 200 የሚጠጉ መጠጥ ቤቶች ተጠቅጥቀዋል። እኛ የገባንበት ሰባት ወንበር ነበረው። ስምንተኛ የሆነ ሰው በሩን ከፈት አድርጎ ያይና ይቅርታ ብሎ ይሄዳል። ያላዘዝኩት ምግብ በትንሽ ሰሃን ቀረበልኝ፣ እንዴት ደጎች ናቸው ብዬ በላሁ፣ ኋላ ሂሳቡ ላይ አገኘሁት። መጠጥ ለራስ አይቀዳም። ጎንህ ያለው ይቀዳልሃል፣ አንተም የሱን ብርጭቆ ትጠብቃለህ። በጉርሻ ላደገ ሰው ይሄ አይከብድም። የከበደኝ ማቆሙ ነው፤ ባጎደልኩ ቁጥር ይሞላል።

ጥጉ ላይ የነበሩ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁና “ኢትዮጵያ” ስል “አበበ!” ብለው ጮኹ። እግራቸውን አነሱ፣ ጫማቸውን ጠቆሙ፣ እጃቸውን አወናጨፉ። ባዶ እግሩን ማለታቸው ነው። ባዶ እግሩን የሮጠው ሮም ላይ ነው። ቶኪዮ ላይ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ ጫማ አድርጎ ነበር፤ ትርፍ አንጀቱ ከወጣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨረሰ፣ መንገዱም በዚያው በሺንጁኩ በኩል የሚያልፈው ኮሹ ካይዶ ነበር። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ሰው እንደዚያ ደስ ብሎት እያለ አይታረምም።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲቃረብ ሰፈሩ ሁሉ መሮጥ ይጀምራል። የመጨረሻው ባቡር እኩለ ሌሊት አለፍ ሲል ነው የሚሄደው። ያመለጠው ሰው እስከ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ካራኦኬ ቤት ሲዘፍን ያድራል፣ ወይም የታክሲ ዋጋ አይቶ ይሰክራል። ጓደኛዬ ሳንቲም ቆጥሮ ከፈለ። ደሞዙን የምትይዘው ሚስቱ ናት፣ ለሱ በወር በወር የኪስ ገንዘብ ትሰጠዋለች። ይሄን የነገረኝ እየሮጥን ነው፣ ከ200 በላይ መውጫ ባለው ጣቢያ ውስጥ፣ እኔ ደግሞ ሳቄ ትንፋሼን ጨረሰው።

ቤቱ ያለበት ሃቺዮጂ ደረስን። በሩ ላይ ጫማ ሲወልቅ የግራ እግሬ አውራ ጣት ከካልሲው ወጥቶ ቆሟል። የአበበ አገር ሰው፣ ምን ይደረግ! ጓደኛዬ አላየም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ። ወደ ጨለማው “ታዳይማ” ብሎ አንሾካሾከ። መጣሁ ማለት ነው። መልሱ “ኦካኤሪ” ነው፣ እንኳን ደህና ገባህ። ማንም አልመለሰም። ጠረጴዛው ላይ ግን ሁለት ሰሃን፣ ስስ ላስቲክ ተወጥሮባቸው፣ ተቀምጠዋል።

ጠዋት ሚስቱ ሦስት ቁም ጭረት ሣለችልኝ። ወንዝ የሚባለው ፊደላቸው ነው። ጣሪያው የተነሳ ሐመሩ ሐ በሉት። እናት፣ አባት፣ መሃል ላይ አጠር ያለችው ልጅ። መሬት ላይ አንጥፈው እንደዚህ ነው የሚተኙት። ዳር ያለውን ጭረት በጣቷ መታ መታ አድርጋ የሆነ ነገር ተናገረችና ሳቀች። “ይሄኛው ዓርብ ዓርብ ይዘገያል” ብሎ ተረጎመልኝ። እሱ ብዙም አልሳቀም።

የኛም አባት ያመሽ ነበር። ሥራ ይሁን ሌላ እስካሁን አላውቅም። እኛ ልጆች መሬት ላይ አንድ ፍራሽ ላይ እግርና ራስ ሆነን፣ እማዬ አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። የተኛች ትመስላለች። የግቢው በር ሲንኳኳ አትነሳም፣ የቤቱ በር ሲዘጋ ግን “ገባህ?” ትላለች። “ገባሁ።” “ራትህ ተከድኗል።” አለቀ። ትንሽ ልጅ ሆኜ ነገሩ ሌላ ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት መምህሩ አስረድቶ ሲጨርስ “ገባህ?” ይለኛል፣ አይገባኝም። እማዬም ማታ ማታ አባዬን የማይገባው ነገር ስላለ የምትጠይቀው መስሎኝ፣ እሱም እንደኔ ሰነፍ ነው ብዬ አዝንለት ነበር።

አንድ ሌሊት ግን ሳትጠይቀው ቀረች። በሩ ተዘጋ፣ ዝም። አባዬ ጨለማው ውስጥ ቆሞ ቀረ። ጫማውንም አላወለቀም። ትንፋሹ ይሰማኛል። ስንት ደቂቃ እንደቆመ እንጃ፣ ለኔ ረጅም ነበር። በመጨረሻ በቀስታ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ “ገብቻለሁ” አለ።

ተኝታ ነበር ወይስ ነቅታ ተወችው? ነገ ስደውል ልጠይቃት እችላለሁ። ቁጥሩ እዚሁ ነው። “እማዬ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት አንድ ሌሊት…” ብዬ ስጀምር ግን ታየኝ። “ደግሞ ጠጥተሃል?” ነው የምትለኝ።

ሺንጁኩ የት ሄደ? ከላይ ያሉት ከተኙ ቆይተዋል። እኔ ደግሞ ሰፊ አልጋ ገዝቼ አግድም ነው የምተኛበት። ሐ አይደለሁ፣ ወንዝ አይደለሁ፣ ሰረዝ።