አልቡሚን ሲወርድ ጆሮዬን የማቆመው ለምንድን ነው?

የላብራቶሪ ውጤት ሲመጣ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ነጭ የደም ሴልና ክሬአቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) ላይ ነው። ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን አልቡሚን እዚያው ወረቀት ላይ እያለ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔ ግን ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ከመጀመሬ በፊት አዲስ የተኙትን ታካሚዎች አልቡሚን ፈልጌ ማየት ልማዴ ሆኗል።

ልማዱን ያስያዘኝ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ነው። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ከልብ ውጪ ከባድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ54,000 በላይ ሰዎች ያየ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አልቡሚናቸው በዴሲሊትር ከ4.6 ግራም በላይ ከነበሩት በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ከ1 በመቶ በታች ናቸው። ከ2.1 በታች ከነበሩት ግን 29 በመቶው ሞተዋል። ይህን አንብቦ ቁጥሩን ዘሎ ማለፍ ይከብዳል።

እና ምን አደርጋለሁ? ከ3 በታች ካየሁ ያ ሰው ቢስቅ ቢጫወትም ቶሎ አላምነውም። የደም ግፊቱና ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ እንዲለካ አዛለሁ። ቤት ለመላክም አልቸኩልም።

አስታማሚዎች ውጤቱን ሲሰሙ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ፕሮቲን ያለው ምግብ እንጨምርለት?» መብላቱማ ጥሩ ነው። ግን ነገሩ ወዲህ ነው። ሲገባ 3.6 የነበረ ሰው በሁለተኛው ቀን 2.7 ቢሆን ስላልበላ አይደለም። ደም ውስጥ ካለው አልቡሚን ግማሹ እስኪተካ 20 ቀን ገደማ ይፈጃል። በሁለት ቀን እንዲህ የሚያወርደው ሌላ ነገር ነው። ብግነት (ሰውነት ለኢንፌክሽን ወይም ለጉዳት የሚሰጠው ምላሽ) ሲኖር የደም ሥሮች ያፈሳሉ፣ አልቡሚኑም ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል ይወጣል። ጉበትም ሥራውን በብግነት ጊዜ ወደሚጨምሩት ፕሮቲኖች፣ ወደ ሲአርፒና መሰሎቹ ያዞራል። በደም ሥር የሰጠነው ፈሳሽም ያቀጥነዋል። ስለዚህ እኔ አልቡሚንን የምግብ እጥረት መለኪያ አድርጌ አልወስደውም። የበሽታው ክብደት ምልክት ነው።

አልቡሚን ራሱን በደም ሥር ሰጥቶ ቁጥሩን ማስተካከልም ያጓጓል። በ2004 የወጣው ሴፍ የተባለው ጥናት ወደ 7,000 በሚጠጉ የጽኑ ሕሙማን ላይ አልቡሚንን ከተራ ሳላይን (በደም ሥር ከሚሰጥ የጨው ውሃ) ጋር አወዳድሯል። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ቁጥር በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነበር። እንደ አንዳንድ የጉበት ሕመሞች በቂ ምክንያት ያለው ቦታ አለ። ቁጥር ለማሳመር ብቻ ግን አልሰጥም።

በየቀኑ የሚጠቅመኝ ሌላው ነገር ካልሲየም ነው፤ ደም ውስጥ ካለው ከፊሉ ከአልቡሚን ጋር ተጣብቆ ስለሚሄድ አልቡሚን ሲወርድ የካልሲየም ቁጥሩም ይወርዳል። ካልሲየም 7.6፣ አልቡሚን 2 ብሎ ቢመጣ አልደነግጥም። አልቡሚን ከ4 በታች በወረደ በእያንዳንዱ ግራም 0.8 ስንጨምር 9.2 ይሆናል፣ ደህና ነው። አዮናይዝድ ካልሲየም (ከፕሮቲን ጋር ያልተጣበቀውን) መለካት ከተቻለ ግን እሱ ይሻላል፤ ይህ ስሌት በጽኑ ሕሙማን ላይ ይስታል። ፌኒቶይን የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ታካሚ ካለም እጠነቀቃለሁ። የሚሸከመው አልቡሚን ሲያንስ ነፃው መድኃኒት ይበዛል፤ ጠቅላላ መጠኑ ዝቅ ብሎ እየታየ ሰውየው ሊመረዝ ይችላል።

ቁጥሩን ብቻውን አላነበውም፣ ከሲአርፒ ጋር ነው የማየው። ሲአርፒው ወርዶ አልቡሚኑ ቀናት አልፈውም ካልተነሳ ሽንት ላይ ፕሮቲን እንዲታይ አዛለሁ፣ የጉበቱንም ነገር እንደገና እመረምራለሁ።