ደረሰኝ የሌለው 4,000 ብር

ከ22 ዓመት የውጭ ኑሮ በኋላ ባለፈው ዓመት ተመልሼ ከአያት ወዲያ፣ ባቡሩ ከሚያልቅበት አልፎ ያለ ሰፈር ቤት ተከራየሁ። ከመምጣቴ በፊት ዘመድ ሁሉ ስለ ውሃና ስለ መብራት አስጠነቀቀኝ። የኪራይ ውል ስለማስመዝገብ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ስለዚህ እኔ ልናገር።

ፓስፖርቴ የውጭ ነው፤ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይዣለሁ። ካርዱ አላስቸገረኝም። ኤምባሲ ሰነድ አስገባሁ፣ ከፈልኩ፣ ወሰድኩ። የባንክ ሒሳብ መክፈትም አንድ ጠዋት ነው።

የሰፈሩ ወጪም ይለመዳል። ሮቶው ሲደርቅ ቦቴ ይጠራል። የመብራት ካርድ ይሞላል። የጥበቃ መዋጮ አለ፣ ቆሻሻ ለሚወስዱት ልጆች ይከፈላል። ያልለመድኩት የዲያስፖራ ዋጋን ነው። አነጋገሬ አያሳብቅብኝም ብዬ ነበር፤ ቧንቧ ሠራተኛው በጫማዬ ለየኝ። ሱቅ ስትገቡ ደግሞ “በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?” የምትባል ጥያቄ አለች። ልዩነቷ 15 በመቶ ቫት ናት። እኔም መጀመሪያ ሰሞን “ያለ ደረሰኝ” ባይ ነበርኩ። ፍሪጁ በሦስተኛ ሳምንቱ ቀጥ ሲል ባለሱቁ “ከእኛ ለመግዛትዎ ምን ማስረጃ አለዎት?” አለኝ። ትምህርት መሆን ነበረበት። አልሆነም።

ወደ ውሉ ልምጣ። አከራዬ ሽማግሌ ናቸው። “ልጄ፣ 45,000 ትከፍለኛለህ፣ ወረቀቱ ላይ ግን 20,000 ብለን እንጻፈው” አሉኝ። የኪራይ ገቢ ግብር እስከ 35 በመቶ ስለሚደርስ ጭንቀታቸው ይገባኛል። ግን እምቢ አልኩ። ሳምንት አኮረፉኝ፣ 2,000 ጨመሩብኝ፣ ከዚያ ትክክለኛውን ጻፍን። እስካሁን የምኮራበት ይህን ብቻ ነው። የስድስት ወር ቅድሚያ ሲጠይቁኝ ግን ዝም ብዬ ቆጠርኩላቸው። የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበል እንደሚከለክል ያነበብኩት ገንዘቡ ከእጄ ከወጣ በኋላ ነው።

ውሉን ይዘን ወረዳ ሄድን። መዝጋቢው ትሁት ወጣት ነበር። ቅጹ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይላል። ፓስፖርቴ ላይ ያለው የእኔና የአያቴ ስም ነው። ያኔ የስደት ወረቀት ስሞላ የአያቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ወሰዱት፤ የአባቴ ስም እዚያው ቀለጠ። ቢጫ ካርዱም ፓስፖርቱን ነው የተከተለው።

“ጋሼ፣ የአባትዎ ስም የታለ?”

አስረዳሁት። ነቀነቀ። ከዚያ “ፓስፖርቱን ከሰጠዎት አካል ማብራሪያ ያምጡ” አለኝ። ኤምባሲ ሄድኩ። “ፓስፖርቱ ትክክል ነው፣ የምናብራራው የለም” አሉኝ። ተመለስኩ። ሲስተም የለም። ሰኞ ተመለስኩ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ሐሙስ ተመለስኩ። በዚህኛው ቀን ስሙን ረስቶት “የመኖሪያ ፈቃድዎስ?” አለኝ። ቢጫ ካርድ የያዘ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ እንደማያስፈልገው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተጻፈ ነው። ይህንኑ ነገርኩት። “አዋጁን ያምጡታ!” አለኝ። አሳትሜ ስመጣ ሥልጠና ሄዷል።

ውል በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። በ26ኛው ቀን ፎቶኮፒ ቤቱ በር ላይ ክላሰር የያዘ ሰው ጠጋ አለኝ። ችግሬን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። “4,000 ካለህ ዛሬ ያልቃል። ለሻይ ነው።” የ4,000 ብር ሻይ! ተናደድኩ፣ ተራመድኩ፣ ተመልሼ ሰጠሁት። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይቶ “አይዞህ” አለኝ። እንዴት እንዳፈርኩ።

በ40 ደቂቃ አለቀ። መዝጋቢው ምን አለ መሰላችሁ? “የአባትዎን ስም በቃል ይንገሩኝ።” ነገርኩት። ጻፈው። ይህን ሁሉ ሳምንት ያንከራተተኝ ነገር ያቺው ነበረች።

ማታ ቤቴ ወረቀቱን ሳየው አባቴ ኃይሉ፣ ኃይሌ ሆነዋል።

ጠዋት ተመለስኩ። ልጁ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። ባለ ክላሰሩ “እኔ የማውቀው እሱን ነው” አለኝ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ የአገልግሎት ክፍያ ደረሰኝ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? እጄ ላይ ያለውን የታተመ አዋጅ ተቀብላ አገላበጠችው፣ ቢጫ ካርዴን አየችው። “ጋሼ፣ እሱ እኮ ከመጀመሪያውም ይበቃ ነበር” አለችኝ። እውነቷን ይሁን ለማጽናናት አላወቅኩም። ቢሆንም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አቤት እንዳልል ደግሞ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሰጪውም ጥፋተኛ ነው። የምጠቁመው ራሴን ነው።

“ጉዳይ አስፈጻሚ አትጠቀሙ” የሚለውን ምክር እኔ አልቀበለውም። ተጠቀሙ። የቀን አበሉን ከፍላችሁ ወረፋ ያስይዛችሁ፣ ኃላፊው መግባታቸውን ያጣራ። ከማንም ጋር ሒሳብ እንዲያወራ ግን አትላኩት። ሦስቱም ስም ያለበት የልደት ካርድ ሳትይዙ ቢሮ አትግቡ፤ እኔ የእኔን እናቴ ሳጥን ውስጥ ያገኘሁት ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። 270/1994ን አሳትማችሁ ቦርሳ ውስጥ አኑሩት። እምቢ ሲሏችሁ “ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡኝ” በሉ፣ ድምፃችሁን ከፍ ሳታደርጉ። በኋላ ሌላ ቢሮ ሞክሬው ሲስተሙ ወዲያው መጣ። ለአከራይ ደግሞ በባንክ ክፈሉ፤ የኪራይ አዋጁም ያዛል፣ ማስረጃም ይሆናችኋል።

የስሙ ማስተካከያ ማመልከቻ፣ ሁለት ምስክርና አዲስ ቀጠሮ ይፈልጋል ተባልኩ። ትቼዋለሁ። ውሉ የሁለት ዓመት ነው፤ እስከዚያ የኃይሌ ልጅ ሆኜ እኖራለሁ።