600 ሊትሩ የት ገባ?

ማደያ ላይ ነዳጅ ጎደለ ከተባለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሹፌሩ ነው። ቀጥሎ ረዳቱ። ቴርሞሜትር ይምጣ የሚል ሰው ግን እምብዛም የለም።

ሥራዬ በነዳጅ ዘርፍ የመለኪያ መሣሪያዎች ቴክኒሻንነት ነው። እኛ ኢንስትሩመንቴሽን እንለዋለን። የታንከር ከፍታ፣ ሙቀት፣ ግፊት፣ በቧንቧ የሚያልፍ መጠን፣ ይህን ሁሉ የሚያነቡ መሣሪያዎችን እተክላለሁ፣ እፈትሻለሁ፣ አስተካክላለሁ። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ላይ ማደያዎች ሲደውሉ እሄዳለሁ። አንድ ነሐሴ ላይ የተጠራሁት ደብረ ማርቆስ አጠገብ ወዳለ አንድ ማደያ ነበር። መብረቅ ከመሬት በታች ያለውን ታንከር የሚያነበውን መሣሪያ ስክሪን አጥፍቶባቸው ነበር።

ስደርስ ግቢው በጭቅጭቅ ተሞልቷል። ከጅቡቲ 45,000 ሊትር ናፍጣ የጫነ ባለተሳቢ ቦቴ ቆሟል። ቀጂው ልጅ ክፍሎቹን አንድ በአንድ በዲፕስቲክ፣ ማለትም በመለኪያ ዘንግ፣ ለክቶ፣ ከፍታውን ወደ ሊትር ከሚቀይረው የቦቴው ሰንጠረዥ ጋር ሲያስተያየው 720 ሊትር ጎደለ። የማደያው ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት፣ አልረከብም ብለዋል።

«ሰባት መቶ ሊትር እኮ ነው ልጄ!» አሉኝ ገና ከመኪናዬ ስወርድ። «ዓባይ በረሃ ላይ ሸጦት ካልሆነ የት ይገባል?»

ሹፌሩ ጠና ያለ ሰው ነው። ፊቱ ጠቁሯል። «ማርያምን እትዬ፣ ጠብታ አልነካሁም። ሲሉን ይዩት እንጂ» ይላል ደጋግሞ፣ የቦቴውን ማሸጊያ ማለቱ ነው። ጉድለት ከተፈረመበት ከደመወዙ ነው የሚቆረጠው። የዚያን ያህል ነዳጅ ዋጋ ደግሞ ለአንድ ሹፌር ቤት ብዙ ወራት ነው። ይሄን ስለማውቅ የስክሪኑን ነገር ትቼ ወደ ቦቴው ሄድኩ።

መጀመሪያ ሲሎቹን አየሁ። ከላይ የክፍሎቹ ክዳን ላይ፣ ከታች የማራገፊያ ቫልቮቹ ላይ ያሉት ሁሉም እንደታሰሩ ናቸው። ቁጥራቸውም ከማስረከቢያው ወረቀት ጋር ይገጥማል። ቦቴው የቆመው ትንሽ ዳገት ላይ ስለነበር ሜዳ ላይ እንዲቆም ጠየቅሁ። ያጋደለ ቦቴ ላይ ዲፕስቲክ ትክክል አያነብም። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩ። እትዬም ሹፌሩም ያላዩት ቁጥር እዚያው ላይ ነበር፦ ሲጫን የነበረው ሙቀት፣ 37 ዲግሪ።

ቴርሞሜትሬን በገመድ አስሬ ወደ መጀመሪያው ክፍል መሀል አወረድኩት። ይሄን ሲያደርጉ መቸኮል አይገባም። መሣሪያው የነዳጁን ሙቀት እስኪይዝ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ቶሎ ከተጎተተ የሚያነበው የአየሩን ነው። ሳወጣው 21 ዲግሪ። ሌሎቹም ክፍሎች ከዚያ ብዙም አይርቁም።

ነዳጅ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ናፍጣ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከአንድ ሺህ ሊትር 0.83 ሊትር ያህል ይለወጣል። ቤንዚን ከዚያም ይበልጣል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን 45,000 ሊትርን በ16 ዲግሪ ልዩነት አስሉት። 600 ሊትር ገደማ ይመጣል። ያ ነዳጅ የተጫነው በጅቡቲ ሐሩር ነው። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ያውም ነሐሴ፣ ያውም ዝናብ። ሹፌሩ ዓባይን ከተሻገረ በኋላ መንገድ ተበላሽቶበት ደጀን ላይ እንደከረመ ነገረኝ። ብርዱ እስከ ታንከሩ መሀል ለመግባት በቂ ጊዜ አግኝቷል። ክብደቱ ግን አልተነካም። ቦቴው ሲጫንም አሁንም ሚዛን ላይ ቢወጣ ኪሎው ያው ነው።

እትዬ በትዕግሥት ሰሙኝ፣ ግን አላመኑኝም። አልፈርድባቸውም። ገንዘባቸው ነው። «በወረቀት እያሰላህ ስድስት መቶ ሊትር ልታጠፋልኝ ነው?» አሉ።

ስለዚህ አሳየኋቸው። ከቦቴው ናሙና ቀዳሁና አንድ ሊትር በምትይዘው ባለመስመር የብርጭቆ ሲሊንደሬ ውስጥ ልክ 900 ላይ እስኪደርስ ሞላሁት። ከማደያው ማዶ ካለው ሻይ ቤት የሞቀ ውሃ በሳፋ አስመጣሁ። ቢሮው በረንዳ ላይ፣ ከፓምፖቹም ከቦቴውም ርቀን፣ ሲሊንደሩን ውሃው ውስጥ አቆምነው። ቴርሞሜትሩ ናፍጣው ውስጥ ነው። 21፣ 25፣ 30። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ቀጂውም ሹፌሩም ተጠግተዋል። ናፍጣው ከመስመሩ ላይ ቀስ እያለ ተነሳ። ቴርሞሜትሩ 37 ሲል 912 ላይ ነበር። ማንም አልጨመረበትም። ከሳፋው አውጥተን ስናቀዘቅዘው ተመልሶ ወረደ።

«እንዲያ ነው እንዴ!» አሉ እትዬ።

ያም ሆኖ ሒሳቡ አልሞላም። ሙቀቱ 600 ሊትሩን ይመልሳል። ቀሪው 120 የት ሄደ? እዚህ ላይ ሙቀት ነው ብሎ ጉዳዩን መዝጋት ይቻል ነበር፣ ሹፌሩም ደስ ይለው ነበር። ግን የሚለካ ሰው የቀረውንም ማግኘት አለበት።

ዲፕስቲኩን አምጡልኝ አልኩ። ጫፉን ስዳብስ ሸካራ ብየዳ ነካኝ። አንድ ሰው ጫፉ እንዳይበላ አስቦ ከሥሩ የብረት ቆብ በይዶበታል። ቆቡ 8 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ዜሮው የሚጀምረው ከታንከሩ ወለል ሳይሆን ከቆቡ በላይ ነው ማለት ነው። በዚህ ዘንግ የተለካ ክፍል ሁሉ በ8 ሚሊ ሜትር አንሶ ይነበባል። በሁሉም ክፍሎች ሲደመር ከ100 ሊትር በላይ ነው። የራሴን ባለቱንቢ ሜትር አውርጄ እያንዳንዱን ክፍል እንደገና ለካሁ፣ ሙቀቱንም አስተካክዬ አሰላሁ። በወረቀቱና በእኔ ልኬት መሀል የቀረው ልዩነት ማንም የማይጨቃጨቅበት ጥቂት ሊትር ሆነ።

እትዬ ፈረሙ። ሹፌሩን «ይቅር በለኝ ወንድሜ» አሉት ሰው ሁሉ እየሰማ። እሱም ምንም አላለም፣ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

ስክሪኑን የሠራሁት ከሰዓት በኋላ ነው። መስመሩን ከመብረቅ የሚከላከል ዕቃ ጨመርኩበት። በነገራችን ላይ ይሄው መሣሪያ ሁለት ቁጥር ያሳያል፦ አንዱ አሁን ባለው ሙቀት ያለውን ሊትር፣ ሌላው ወደ መደበኛ ሙቀት የተመለሰውን። ብዙ ማደያ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያየው። ለቀጂው ልጅ ሁለቱንም እያነጻጸረ እንዲመዘግብ አሳየሁት፤ በመረከቢያው ደብተር ላይም የሙቀት ዓምድ አሰመርን።

ልሄድ ስል እትዬ አንድ የቆየ ፋይል ይዘው መጡ። «እንግዲያው የሐምሌው ልጅስ?» አሉኝ። ከአንድ ወር በፊት ሌላ ወጣት ሹፌር በዚሁ ዘንግ ተለክቶ፣ ጉድለት ተፈርሞበት፣ ተቆርጦበት ነበር። ወረቀቱን አየሁት። የተጫነበት ሙቀት ተጽፏል። ሲደርስ የነበረውን ግን የለካ ሰው አልነበረም። እትዬ እዚያው ቆመው ትራንስፖርት ድርጅቱ ጋ ደወሉ፣ የዘንጉን ነገር አስረዱ፣ የቆቡንም ፎቶ ላኩ። በሳምንቱ ደውለው እንደነገሩኝ፣ ድርጅቱ ከተቆረጠበት ላይ የዘንጉን ስህተት ያህል ለመመለስ ተስማምቷል። የቀረውን ግን ያኔ የደረሰበት ሙቀት ስላልተጻፈ እኔም ላሰላለት አልቻልኩም።