ታይፎይድ የተባለው የቡና ሱሴ

ጨጓራዬ ሲያስቸግረኝ አንድ ባለሙያ "ቡና አቁም" አለኝ። በቃ ይቺን ብቻ፣ አይኑን እንኳ ከወረቀቱ አላነሳም። እኔ ደግሞ ደሴ ተወልጄ ያደኩ፣ ከአራስ ቤት ጀምሮ እጣንና የሚቆላ ቡና እየሸተተኝ ያደኩ ሰው ነኝ። ግን ሰው ቆርጦ ከተነሳ ምን ያቅተዋል ብዬ ሰኞ ጠዋት ዜሮ አደረኩት፣ እማ ያቀረበችውን ቡና አልፌ ወጣሁ፣ "ምነው አመመህ?" አለችኝ፣ "አይ ትቼዋለሁ" ስላት ሳቀች።

ሰኞ ማዛጋት ብቻ ነበር፣ እንዲያውም ተኩራርቼ ለጓደኞቼ "ቀላል ነው ባካችሁ" እያልኩ ዋልኩ። ማክሰኞ ጠዋት ሀረጎን ስንወርድ (ስራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በየቀኑ እመላለሳለሁ) ከአይኔ ጀርባ የሆነ ነገር ይወጥረኝ ጀመር፣ ምሳ ሰአት ሲደርስ አናቴ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ሰውነቴ ሁሉ ተቆራርጧል፣ ሰው "እንዴት ዋልክ" ሲለኝ ልጣላው ይዳዳኛል። እሮብ ጭራሽ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ቤት ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ ታይፎይድ ነው አለ። ክሊኒክ ሄድኩ፣ ደም ሰጠሁ፣ "አዎ ታይፎይድ አለ፣ ታይፈስም ትንሽ ይታያል" ተባልኩ (ኧረ እኛ አገር ተመርምሮ ታይፎይድ የለብህም የተባለ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ)፣ መድሃኒት ተሸክሜ ገባሁ። ቡና አቁመህ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም ምን ያገናኘዋል ብዬ አልተናገርኩም።

ማታ ጎረቤታችን መጥታ ሁኔታዬን ስታይ "እስቲ ይሄን ዋጥ" ብላ ሁለት ፍሬ ፓናዶል ኤክስትራ ሰጠችኝ። ብዙም አልቆየ፣ ጭንቅላቴ ላይ የተጫነው ድንጋይ ተነሳ፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ እራት ጠየኩ። ገርሞኝ ካርቶኑን አንስቼ ሳነበው ምን ቢል ጥሩ ነው፣ በአንዱ ፍሬ ውስጥ ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም፣ ካፌይን 65 ሚሊግራም። ሁለት ስውጥ 130 ሚሊግራም ካፌይን፣ ያው ቡና ውስጥ ያለው ማነቃቂያ፣ ገባልኝ ማለት ነው። ለካ ሱሴን በኪኒን ነው የተወጣሁት!

ከዛ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ፣ ያነበብኩት ሁሉ የኔን ሳምንት የሚተርክ ነው የሚመስለው። ካፌይን ሲቋረጥ ከ12 እስከ 24 ሰአት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታቱ ይጀምራል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይብስበታል፣ ከዛ ከ2 እስከ 9 ቀን ይቆያል። ራስ ምታት ብቻም አደለም፣ ድካም፣ ብስጭት፣ ትኩረት ማጣት፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው አይነት መቆራረጥ። የአሜሪካ የስነ አእምሮ ሀኪሞች ማህበር በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያቸው ውስጥ ራሱን የቻለ ችግር አድርገው አስገብተውታል። በቀን 100 ሚሊግራም አካባቢ የለመደ ሰው እንኳ ሲያቆም ሊያመው ይችላል፣ 100 ሚሊግራም ማለት እኮ አንድ ትልቅ ኩባያ ቡና ነው። (ትኩሳት ካላችሁ ግን በኔ ታሪክ ተማምናችሁ እንዳትቀመጡ፣ ተመርመሩ።)

ያኔ ነው ረመዳን ትዝ ያለኝ። ረመዳን በገባ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሶስት ቀን ራሴን በሻርፕ አስሬ ነው የምውለው፣ ረሀብ ነው እላለሁ፣ አራተኛው ቀን ላይ ግን ረሀቡ እያለ ራስ ምታቱ ይጠፋል፣ እሱን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም! ጎረቤቶቻችንም በሁዳዴ እስከ 9 ሰአት ሲቆዩ ያው ናቸው፣ "የባዶ ሆድ ነው" ይላሉ። እንደምታውቁት ወሎ ነውና አንድ ግቢ ውስጥ ረመዳንም ሁዳዴም ይጾማል፣ ራስ ምታቱ ግን አንድ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ በኔ አማርኛ ልንገራችሁ። አንጎላችን ሲሰራ ሲውል አዴኖሲን ሚባል ነገር እየተጠራቀመ ይመጣል፣ ስራው "ደክሞሀል፣ ተኛ" ማለት ነው። ይሄን መልእክት የሚያደርሰው ግን የራሱ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው፣ ልክ እንደ ደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ወንበር። ካፌይን በመልክ አዴኖሲንን ስለሚመስል ቀድሞ ይገባና ወንበሩን ይይዛል፣ ራሱ ምንም አይናገርም፣ ሌላውን ግን አያስቀምጥም። ስለዚህ ቡና ጉልበት አይሰጥም፣ ድካሙን የሚናገረውን አፍ ነው የሚያስዘጋው። አንጎል ደግሞ ሞኝ አደለም፣ ወንበር ሁልጊዜ ሲያዝበት ወንበር ይጨምራል፣ ለዛ ነው ድሮ በአንድ ስኒ የምንነቃው ሰዎች ሶስትም አልበቃን የሚለው። አንድ ቀን ካፌይኑ ሲቀር የቆመው አዴኖሲን ሁሉ ባንዴ ግር ብሎ ይቀመጣል፣ ካፌይኑ አጥብቦት የነበረው የአንጎል ደም ስርም ይሰፋል፣ ያ ነው አናት የሚፈልጠው። ታግሶ ለቆየ ሰው ትርፍ ወንበሩ ቀስ በቀስ ይነሳል።

ከዛ ስኒዎቼን ቆጠርኩ። ጠዋት ቤት አቦልና ቶና፣ በረካን ሳልጠብቅ እሮጣለሁ። 4 ሰአት ላይ ማኪያቶ። ከምሳ በኋላ ጀበና ቡና ጋ ሁለት። 10 ሰአት አንድ፣ እንቅልፍ ስለሚጥለኝ። ማታ ቤት ሶስቱንም። ዘጠኝ! ሰው ቢጠይቀኝ "ሶስት አራት ቢሆን ነው" ነበር የምለው። ለጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ችግር የለውም ይባላል፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ 200፣ የኛ ጀበና ግን እንደ አፍይዋ እጅ ነው፣ የእማ አቦል ደግሞ ማንኪያ ያቆማል።

የማታው ነው በጣም ያናደደኝ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰአት ይፈጅበታል፣ ማታ 1 ሰአት ላይ የጠጣሁት እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹ ደሜ ውስጥ ነው። "እኔ ቡና ጠጥቼ ነው የምተኛው" የምትሉ አላችሁ፣ እኔም እል ነበር፣ መተኛቱን ትተኛላችሁ፣ ግን ጥልቁን እንቅልፍ ይቀንሰዋል፣ ጠዋት ደክሟችሁ ትነሳላችሁ፣ ለድካሙ ደግሞ አቦል። እህቴ እርጉዝ ስለሆነች ለሷም ነገርኳት፣ በእርግዝና መጨረሻ ላይ 5 ሰአት የተባለው እስከ 15 ሰአት ሊደርስ ይችላል።

እሺ እንዴት ይቀነስ? ባንዴ ማቆም የሚሉትን ሁለተኛ አልሞክረውም። በየአራት ቀኑ አንድ ስኒ መጣል ጀመርኩ። መጀመሪያ የ10 ሰአቷን፣ ቀጥሎ ማኪያቶዋን፣ ከዛ ከምሳ በኋላ ካሉት አንዷን። እነዚህ ቀላል ናቸው፣ ብቻዬን ነው የምጠጣቸው፣ የሚቀየምብኝ የለም። አንዴ ተሳስቼ በቡናው ፈንታ ሻይ ተክቼ ነበር፣ ሻይም እኮ አለው፣ የቡናን ግማሽ አካባቢ፣ ኮካም አለው።

ጭንቁ ቤት ነው። እኛ ጋ ቡና መጠጥ ብቻ አደለም፣ ዱአ ይደረግበታል። ዱበርቲዋ (ቡናው ላይ ዱአ የሚያደርጉት እናት) "ኸይሩን ያምጣልን፣ ሸሩን ያርቅልን" ሲሉ አሚን ብለህ ስኒህን ካልተቀበልክ ዱአውን የገፋህ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያ ቀን እምቢ ስል እማ "ምነው፣ ቡናዬ ቀጠነብህ?" አለች፣ ስኒውን ይዛ ቀረች፣ ፊቷን ማየት አቃተኝ። ስለ ወንበርና ስለ አዴኖሲን ላስረዳት ስሞክር ዱበርቲዋ "አብሽር ልጄ፣ ቡና ማንን ገሎ ያውቃል" አሉኝ፣ አለቀ።

መፍትሄው ጀበናው ውስጥ ነበር። አቦል ሲፈላ አብዛኛው ካፌይን አብሮ ይወጣል፣ ቶናና በረካ በዛው አተላ ላይ ውሀ እየተጨመረ ነው የሚፈሉት፣ በረካ ላይ ሲደርስ የቀረው ትንሽ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ቁርሱን እየበላሁ፣ አሚን እያልኩ፣ ወሬውን እየሰማሁ እቆይና በረካን ብቻ እጠጣለሁ፣ ጤና አዳም ጣል አድርጌበት። በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ ሰው ነው እኛ ጋ የሚወቀሰው፣ እኔ ድሮ ጠዋት ጠዋት እሱን ነበር ጥዬ የምሮጠው፣ አሁን ተገለበጠ። እማም "ለበረካ የሚቆይ ልጅ ነው ያለኝ" ብላ ለጎረቤት ትናገራለች።

አሁን ያለሁት ጠዋት አንድ አቦል፣ ከምሳ በኋላ አንድ፣ ማታ በረካ ላይ ነው። ዘንድሮ ሻዕባን (ከረመዳን በፊት ያለው ወር) ሲገባ ደግሞ የምሳዋን ጣልኩ፣ የጠዋቷን በግማሽ ስኒ አስቀዳሁ፣ ረመዳን አንድ ብሎ ሲጀምር ቀኑን ሙሉ ግንባሬ ላይ ትንሽ ነገር ተሰማኝ እንጂ ሻርፕ አላሰርኩም።

ባለፈው እሁድ ታዲያ ሐይቅ ከተማ አክስቴ ጋ ሄድኩ፣ ሰአቱን አስልቼ በረካ ላይ ደረስኩ፣ ገና ከበር ሳለሁ "ቅጂልኝ እታለም" አልኳት። ጀበናውን አንስታ አተላውን ውጪ ደፋችው። "ለእንግዳ በረካ ይቀዳል እንዴ? ምን ነካህ!" ብላ ምጣዱን ጣደች። ሶስቱንም ጠጣሁ። ሌሊት 9 ሰአት ላይ ይሄን እየጻፍኩ ነው።