መስኮት ዳር የዋሉት ስላይዶች

አርብ ከሰዓት ነው። ከጦሳ የወረደው ጉም ግቢውን ሞልቶታል። ደሴ በዚያ ወቅት እንዲህ ናት፤ ረፋድ ላይ ገለጥ ትልና ከሰዓት መልሳ ትሸፈናለች።

የአሥራ ሁለት ሰው የአክታ ስላይድ (አክታ የተቀባ መስታወት) ስቴይን አድርጌ፣ ማለትም ቀለም አልብሼ ጨርሻለሁ። አሥራ ሦስተኛው ኮንትሮሉ ነው፤ የቲቢ ባክቴሪያ እንዳለበት አስቀድመን የምናውቀው ስላይድ። ሁሌም እሱን ነው መጀመሪያ የማየው። ክፍሉን አጨልሜ ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቀንኩ። ጥቁሩ መደብ ላይ ቀጫጭን፣ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ቢጫ አረንጓዴ ዘንጎች ያበራሉ። አንዳንዶቹ ብቻቸውን፣ አንዳንዶቹ ሁለት ሦስት ሆነው ተደጋግፈው። ቀለሙ ሠርቷል ማለት ነው። ኮንትሮሉን «አልፏል» ብዬ መዘገብኩ።

የበሽተኞቹን ሦስት ስላይድ እንዳነበብኩ መብራት ጠፋ።

ጄኔሬተሩ ማዋለጃውንና ድንገተኛ ክፍሉን ብቻ ነው የሚችለው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ። አልመጣም። ስላይዶቹን ከነመደርደሪያቸው መስኮቱ ዳር አስቀምጬ፣ ቆልፌ ወጣሁ። ለምን መስኮት ዳር? ሌላ ምክንያት የለውም፤ ባዶ ቦታ የነበረው እዚያ ነው።

ቅዳሜና እሑድ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት መብራት ነበር። የቀሩትን ዘጠኝ ስላይዶች አነበብኩ። ዘጠኙም ኔጌቲቭ። ኮንትሮሉን ደግሜ አላየሁም። አርብ አልፏላ! ደጅ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ አባት ነበሩ። ከኩታበር በኩል ለሰኞ ገበያ ሲመጡ ውጤታቸውንም ሊወስዱ ነው።

«አባባ፣ አክታዎ ላይ የታየ ነገር የለም። ወረቀቱን ለሐኪሙ ይስጡ።»

«አልሐምዱሊላህ፤ ተባረኪ ልጄ።»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጤና መኮንኑ ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ሰውየው ከሁለት ወር በላይ ስለዋል። ሌሊት በላብ ይጠመቃሉ፣ ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል። እስቲ ድጋሚ እዪልኝ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። ማይክሮስኮፑ ደህና መሆኑን ላሳየው ብዬ ኮንትሮሉን አንስቼ አስገባሁት።

ጨለማ።

ሌንሱን ወለወልኩ። ፎከሱን ከፍ ዝቅ አደረግኩ። ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር አስኬድኩት። ብዙ ቆይቼ አንድ የደበዘዘ፣ ግራጫ ሊሆን የደረሰ ዘንግ አገኘሁ። አርብ ዕለት በየእይታው አሥርና ሃያ የቆጠርኩበት ስላይድ ነው እንግዲህ። እጄ ቀዘቀዘ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፐርማንጋኔቱን ነው። ፖታሲየም ፐርማንጋኔት መደቡን የሚያጨልም ኬሚካል ነው፤ ከልክ በላይ ከቆየ የባክቴሪያውንም ብርሃን ያደክማል። ግን አርብ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ሲታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቀና ስል ፀሐይዋ ባዶው መደርደሪያ ላይ ወድቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦራሚን የምንለው ቀለም የቲቢ ባክቴሪያ ሰም መሰል ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ በአሲድ አልኮል ሲታጠብም አይለቅም። ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ውጦ ቢጫ አረንጓዴ አድርጎ ይመልሰዋል። በድሮው በዚል ኒልሰን ዘዴ፣ ቀዩን ዘንግ በሰማያዊ መደብ ላይ ለመፈለግ በዘይት ሌንስ አንድ ሺህ ጊዜ ማጉላት ያስፈልጋል። በዚህኛው ግን ሁለት መቶና አራት መቶ እጥፍ ይበቃል፤ ሰፊ ቦታ ቶሎ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 እ.ኤ.አ. በኤልኢዲ የሚሠራውን ማይክሮስኮፕ በድሮው ምትክ መክሯል። እኔም ብትጠይቁኝ ወደኋላ መመለስ አልፈልግም።

ቀለሙ ግን ብርሃን ሲውጥ ሲመልስ ይደክማል። እየቆየ ሞለኪውሉ ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ይበላሻል፤ የተበላሸው ዳግም አያበራም። ማይክሮስኮፕ ሥር ብቻ አይደለም፣ መስኮት ዳርም ያው ነው። ሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን በሚያበራ ቀለም የሚከታተሉ ተመራማሪዎችም ችግራቸው ይኸው ነው፤ ቱቦአቸውን በፎይል የሚጠቀልሉት፣ ፎቶ በማያነሱበት ሰዓት መብራቱን የሚዘጉት ለዚህ ነው። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ወጥቶብኝ መልሼዋለሁ። ባክቴሪያዎቹ ስላይዱ ላይ አሉ። የጠፋው ብርሃናቸው ነው።

ለጤና መኮንኑ ያለውን ነገርኩት። «የዘጠኙንም ውጤት ያዝልኝ፣ የእኔ ጥፋት ነው» አልኩት። ዘጠኙንም ከኮንትሮሉ ጋር እንደገና ኦራሚን አፈሰስኩባቸው። ሃያ ደቂቃ። በአሲድ አልኮል አጠብኩ። ፐርማንጋኔት አንድ ደቂቃ፣ በሰዓት ይዤ። ሲደርቁ መጀመሪያ ኮንትሮሉን አየሁ። በራ።

የአባባ ሁለት ፕላስ ሆነ፤ ባክቴሪያው ብዙ ነው ማለት ነው። ከቀሩት ስምንት መሐል ደግሞ የአንዲት ወጣት ፖዘቲቭ ወጣ። እሷ ውጤቷን ይዛ ሄዳለች። መዝገብ ላይ ባለው ስልክ ደወልን፤ አይነሳም። በማግስቱ ማታ ተነሳ፤ ረቡዕ ጠዋት መጣች። ያን ሁለት ቀን ምን ይዤ እንደበላሁ አላስታውስም። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ታቅፋ ነበር የመጣችው። ልጁም አብሮ ተመረመረ።

አባባን ከገበያ መልስ ጠብቄ ራሴ ነገርኳቸው። «ጠዋት የሰጠሁዎት ስህተት ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ» ስላቸው ለአፍታ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ እሳቸው እኔን ማጽናናት ያዙ። «አብሽሪ ልጄ። መድኃኒት አለው አይደል?» አሉኝ።

አሁን ስቴይን የሆኑ ስላይዶች ክዳን ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጡት፣ ሣጥኑም ቁም ሣጥን ውስጥ። በዚያው ቀን ያልተነበበ ስላይድ በማግስቱ ከነኮንትሮሉ ይታያል፤ ኮንትሮሉ ካልበራ የማንም ውጤት አይጻፍም። ይህን በእጄ ጽፌ ከማይክሮስኮፑ በላይ ለጥፌዋለሁ።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ አባባ ለክትትል አክታ ሊሰጡ መጡ። ጉንጫቸው ሞላ ብሏል። ኮንትሮሉን አስቀደምኩ፤ ዘንጎቹ ቁልጭ ብለው አበሩ። ከዚያ የእሳቸውን አስገባሁ። ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ሄድኩበት። ጨለማ ነበር። ያን ጨለማ አምኜ ጻፍኩት።