ወደ 9 የተቀየረችው 4

ሰኞ ጠዋት የቢሮዬን በር ሳልከፍት አንዲት እናት የአምስተኛ ክፍል ልጃቸውን ይዘው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። ልጁ አንገቱን ደፍቷል። እናትየው ከተቀመጡም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«መምህር፣ ልጄ ውጤቱን ደልዟል» አሉኝ።

ወረቀቱን አውቀዋለሁ። ዓርብ ዕለት እኔው ራሴ በፖስታ አሽጌ ለየቤቱ የላክሁት የሒሳብ ፈተና ውጤት ነው። ፈተናው ተማሪዎች ሁሉ በአንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በእኩል ሰዓትና በአንድ ዓይነት አስተራረም የሚመዘኑበት፣ ደረጃውን የጠበቀ የምንለው ነው። በወረቀቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች ተደርድረዋል፦ ጥሬ ውጤት 27፣ ስታንዳርድ ውጤት 99፣ ፐርሰንታይል 47። የመጨረሻዋ 47 ግን 97 ሆናለች። በጥቁር የታተመችው 4 ራሷ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጠጋግቶ 9 መስላለች።

እናትየውን ያነቃቸው ቀለሙ አልነበረም። ከቁጥሮቹ ግርጌ ከ1 እስከ 99 የሚዘልቅ መስመር አለ፤ የልጁ ቦታ በላዩ ላይ በነጥብ ይታያል። «97 ካገኘህ ነጥቡ ለምን መሃል ላይ ቆመ?» ብለው ሲጠይቁት ልጁ አለቀሰ። ማንም ሳያስረዳቸው መስመሩን በትክክል አንብበዋል።

«ለምን አደረግኸው?» አልሁት።

«ከ50 በታች ስለሆነ። ወድቄአለሁ ብዬ ነው» አለኝ፤ ድምፁ አይሰማም ነበር።

ይህን ስሰማ ሆዴ ተረበሸ። ልጁ አልወደቀም። በዚህ ፈተና ማለፍና መውደቅ የሚባል ነገርም የለም። ከ40 ጥያቄዎች 27ቱን መልሷል። 47ኛ ፐርሰንታይል ማለት ደግሞ ለማነጻጸሪያ ከተመረጡት የክፍል እኩዮቹ መካከል ከመቶው 47ቱ ያመጡት ውጤት ከእርሱ ጋር እኩል ወይም ከእርሱ ያነሰ ነው ማለት ነው። 50 የሰልፉ መሃል እንጂ የማለፊያ ነጥብ አይደለም። እኔ ይህን ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ወደ ቤት በላክሁት ወረቀት ላይ ግን አንድ መስመር እንኳን አልጻፍሁም። አንድ ሕፃን ሊያፍርበት በማይገባ ቁጥር አፍሮ ለእናቱ የዋሸው እኔ ባልጻፍሁት ነገር የተነሳ ነው።

ማስረዳቱን የጀመርሁት እንደለመድሁት ነው። የደወል ቅርጽ ያለውን ሥርጭት ነጭ ወረቀት ላይ ሣልሁ፣ አማካዩን አመለከትሁ፣ ጫፍና ጫፉን አሳየሁ። እናትየው በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። ያንን መነቅነቅ ከብዙ ወላጆች አይቼዋለሁ፤ «ገባኝ» ሳይሆን «አላስቸግርዎት» ማለት ነው። ስለዚህ የተረዱትን መልሰው እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው።

«ከክፍሉ 47ኛ ወጣ ማለት አይደለም? ግን እኮ የክፍሉ ልጆች 38 ናቸው» አሉኝ።

ለካ ነገሩ ከቃሉ ጀምሮ ተበላሽቷል። እኛ ዘንድ «47ኛ» ሲባል ወዲያው የሚታሰበው የክፍል ደረጃ ነው፤ በክፍል ደረጃ ደግሞ ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል፣ በፐርሰንታይል ሲበዛ ይሻላል። በዚህ ላይ አጠገቡ 99 ተጽፏል፤ እናትየው 97ቱን መጀመሪያ ያመኑት ስለዚህ ነበር። ያ 99 ግን ከመቶ የተሰጠ ሳይሆን ልጁ ከእኩዮቹ አማካይ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳየው ስታንዳርድ ውጤት ነው፤ አማካዩ 100 መሆኑን ማን ነገራቸው?

ሥዕሉን ተውሁትና ከመሳቢያዬ የባለቀለም እርሳሶች ሳጥን አወጣሁ። ብዙ የተሠራባቸው፣ እየተቀረጹ ያጠሩ እርሳሶች ናቸው። 20 ቆጥሬ ለልጁ ሰጠሁትና ከአጭር ወደ ረጅም ጠረጴዛው ላይ እንዲደረድራቸው ነገርሁት። «እያንዳንዱ እርሳስ አምስት ልጅ ነው እንበል። አንተ አሥረኛው ነህ» አልሁት። እናትየው ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። በግራ በኩል ያሉት ጉርድራጆች ናቸው፣ በቀኝ በኩል ያሉት ገና አዲስ። መሃል ላይ ያሉት ግን በጣት ካልተዳሰሱ በስተቀር አይለያዩም።

«አምና 58 ነበር» አሉ እናትየው። «11 ቀነሰ ብዬ ደንግጬ ነበር።»

አሥራ ሁለተኛውን እርሳስ አንስቼ ከአሥረኛው ጎን አቆምሁት። ልዩነቱን ልጁ በጥፍሩ ለካው። በስታንዳርድ ውጤት ከ103 ወደ 99 ነው፤ አራት ነጥብ። የዚህ ፈተና የመለኪያ ስሕተት፣ ማለትም ያው ልጅ ደግሞ ቢፈተን ውጤቱ ሊዋዥቅ የሚችልበት መጠን፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሦስት ነጥብ ያህል ስለሆነ፣ የዘንድሮው ከ96 እስከ 102፣ የአምናው ከ100 እስከ 106 ተደርጎ ቢነበብ ይሻላል። ሁለቱ ይደራረባሉ። በፐርሰንታይል ሲታይ የዘንድሮው ብቻ ከ39 እስከ 55 ይዘረጋል። ብዙ ልጆች ተቀራርበው በሚገኙበት መሃል ላይ ሁለት ሦስት ጥያቄ ፐርሰንታይሉን በብዙ ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ደግሞም አምና የተነጻጸረው ከአራተኛ ክፍል ልጆች፣ ዘንድሮ ከአምስተኛ ክፍል ልጆች ጋር ነው። ባለበት ቢቆም እንኳን እነርሱ በዓመቱ የተማሩትን ያህል ተምሯል ማለት ነበር።

እናትየው ልጃቸውን አዩት። «እኔ እኮ የተቆጣሁህ ስለዋሸኸኝ ነው፤ በቁጥሩ አይደለም» አሉት። ልጁ እርሳሶቹን እየነካካ ራሱን ነቀነቀ።

ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልፍሬድ ቢኔና ባልደረባው ቴዎዶር ሲሞን በ1905 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ፓሪስ ላይ ያወጡት ፈተና የታሰበው በትምህርታቸው ተጨማሪ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ሕፃናት ለመለየት ነበር። ሥራዬን ሳስብ ደጋግሜ ወደዚያ እመለሳለሁ። ስለዚህ ወረቀቱን ገለበጥሁት። ጀርባው ላይ ውጤቱ በርዕስ በርዕስ ተከፋፍሏል፤ ሰው ሁሉ የሚያልፈው ገጽ ነው። ክፍልፋይ ላይ ከ8 ጥያቄዎች 2፣ በቀሩት ርዕሶች ሁሉ ከ32 ጥያቄዎች 25።

«ታዲያ ክፍልፋዩን ከየት እንጀምርለት?» አሉኝ እናትየው። ከገቡ ጀምሮ ስለ ትምህርቱ የጠየቁኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የውጤት ወረቀት በፖስታ አልልክም። ወላጆችን በጥቂት በጥቂቱ እጠራለሁ፣ ከቁጥሮቹ በላይ «ይህ ከመቶ የተሰጠ ማርክ አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር በትልቁ አትማለሁ፣ ልጁም አብሮ ይቀመጣል። ወረቀቱን ከጀርባው ነው የምንጀምረው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የክፍሉን የሒሳብ መምህርት ጠርቼ የ38ቱንም ልጆች ወረቀት ገልብጠን አየን። ከግማሽ የሚበልጡት ክፍልፋይ ላይ ደክመዋል። መምህርቷ የዕቅድ ደብተራቸውን ከፈቱ፤ ምዕራፉ በመንፈቀ ዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት፣ በሦስት ክፍለ ጊዜ ብቻ ተሸፍኖ ነበር። በማግስቱ እንደ አዲስ ማስተማር ጀመሩ።