ተሳስቻለሁ ማለት የሚችል መሪ

ማንዴላ ሲነሳ ሁሌ የሚወራው 27 አመት መታሰሩ ነው፣ እኔን ግን የበለጠ የሚገርመኝ ስልጣን ከያዘ በኋላ ያደረገው ነው። እ.ኤ.አ በ1994 ፕሬዝዳንት ሆኖ ቢሮ ሲገባ የድሮው መንግስት ሰራተኞች መባረራችን ነው ብለው እቃቸውን መሸከፍ ጀምረው ነበር፣ እሱ ግን ሰብስቧቸው መስራት የምትፈልጉ ቆዩ፣ እናንተ ታስፈልጉናላችሁ አላቸው። አስቡት እስቲ፣ ያሰረው መንግስት ሰራተኞች እኮ ናቸው! በ1999 ደሞ አንድ ተርም ብቻ ጨርሶ በቃኝ ብሎ ወረደ፣ ቢፈልግ የሚያቆመው አልነበረም።

ከሁሉም ልቤን የሚነካኝ ግን የኤድስ ጉዳይ ነው። ፕሬዝዳንት እያለ ለበሽታው በቂ ትኩረት እንዳልሰጠ በኋላ ራሱ አምኗል፣ አምኖም ዝም አላለም፣ ዘመቻ ውስጥ ገባ፣ በ2005 ልጁ ማክጋቶ ሲሞት ጋዜጠኞችን ጠርቶ ልጄ የሞተው በኤድስ ነው ብሎ በግልፅ ተናገረ፣ ያኔ ሰው ይሄን ነገር ከጎረቤቱ እንኳን ይደብቅ ነበር።

ለኔ ትህትና ማለት ይሄ ነው፣ ጥፋትን ማመን። እኛ ግን ትህትና ስንል አንገት መድፋት፣ ቀስ ብሎ ማውራት ይመስለናል። እኔ ድሮ የነበረኝ አለቃ እንደዛ ነበር፣ ሰላምታው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ነው፣ ግን በ3 አመት ውስጥ አንድም ቀን ይሄ የኔ ጥፋት ነው ሲል አልሰማሁትም፣ ሁሌም ጥፋተኛ የምንሆነው እኛ ነበርን።